የዛፍ አተካከል ርቀት ለእንጨት የሚያደርገው ጥቅምና ጕዳት

ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ገመዱን ዘርግቶ ችካሉን በሚመታበት ቀን የሚወስነው የዚያን ዓመት ሥራ ብቻ አይደለም። ባሕር ዛፍ በተቈረጠ ጊዜ የማይጠፋ፥ ከጕቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ የተተከለበትን ስፍራ ሳይለቅ ብዙ ጊዜ እየተቈረጠ ያገለግላል። እንዲህም ከሆነ፥ አባት በክንዱ የለካው ርቀት ልጅ በገበያ የሚሸጠውን እንጨት ውፍረት ይወስናል ማለት ነው። ሌላው የእርሻ ጕድለት በመጪው ክረምት ይታረማል፤ ጤፍ ቢሳሳ ወይም ቢበዛ በዓመቱ ዘሩ ይስተካከላል። የዛፍ ርቀት ግን አንድ ጊዜ ከተበላሸ ጕቶው እስኪነቀል ድረስ እንደ ተበላሸ ይኖራል።

መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ፥ ባለይዞታው የራሴ ነው ብሎ የሚሸጠው በመሬቱ ላይ ያለማውን ዛፍ ነው። ስለዚህ የዛፉ ጥቅም ማነስና መብዛት ለቤተ ሰቡ ትልቅ ነገር ነው። የዚህም ጽሑፍ አሳብ ለክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች በዛፍና በዛፍ መካከል ሊተው የሚገባውን ርቀት ከነምክንያቱ ማስረዳት ነው። ምሳሌውን ከሩቅ አገር ከመፈለግ ይልቅ ከአዲስ አበባ፥ ይልቁንም ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ሰፈር እንወስዳለን፤ የደጋው ገበሬ ዛፉን አቀራርቦ የሚተክልበት ልማድ ከእንደነዚህ ካሉት ሰፈሮች የእንጨት ፍላጎት ጋር የተያያዘ ነውና።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ስለ መግባቱ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ፥ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ብዙ ዓመት ሳይቈይ ተመናመነ። በቀድሞው ዘመን እንጨት ባለቀ ጊዜ ነገሥታት ሰፈራቸውን ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በዚሁ ምክንያት በ1893 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ ሳትለቀቅ ቀረች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱን በስፍራዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው።

ዘሩ የመጣው በ1887 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፥ ያስመጣው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳሌ እንደ ሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። ዛፉ በተፈጥሮ የሚገኝበት አገር አውስትራልያና በስተ ደቡቧ ያለችው የታስማንያ ደሴት ነው። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ ብሎ ሰየመው። በደጋ በብዛት የሚታየው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዝቅ ብሎ ባለው ሞቃት አገር ደግሞ ቀይ ባሕር ዛፍ የበለጠ ይስማማዋል። የሁለቱም ጠባይ በርቀት ነገር ብዙ አይለያይም።

የከተማው ቤቶች የጠየቁት እንጨት

የካዛንቺስ ስም ከጣልያንኛ የተገኘ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራው ድርጅት በአሕጽሮት ኢንቺስ ይባል ነበርና፥ ካዛ ኢንቺስ ማለት የኢንቺስ ቤት ማለት ነው። ቂርቆስ ደግሞ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራ ሰፈር ነው፤ ዛሬ ክፍለ ከተማው በሙሉ በዚህ ስም ይጠራል፥ ካዛንቺስም የሚገኘው በእርሱ ውስጥ ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች በድንጋይ ከተሠሩት ቤቶች አጠገብና በስተ ጓሮ ሕዝቡ ለራሱ የሠራቸው ብዙ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የእንጨቱን ልክ ልብ ብሎ ያየው ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ቋሚ እንጨቶች እጅግ ተጠጋግተው በመሬት ይተከላሉ። ቀጥሎ በውስጥና በውጭ ማገር እየተጋደመ በምስማር ይመታል። ከዚያ በኋላ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረግበታል። ጣራውም በወራጅና በማገር ተዋቅሮ ቆርቆሮ ይመታበታል። ለዚህ ሁሉ የሚፈለገው ቀጭን፥ ረዥምና ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ለአንድ ትንሽ ቤት እንኳ ቋሚው፥ ማገሩና ወራጁ ሲቈጠር ብዙ እንጨት ይገባል፤ ወፍራም የሚሆነው ግን ምሰሶውና የማዕዘኑ እንጨት ብቻ ነው።

ከዚህም በቀር የድንጋይና የብሎኬት ሕንፃ በሚሠራበት ጊዜ፥ ግንበኞች ከጣልያንኛ ወስደው ፖንቴ የሚሉት መወጣጫ በረዥም አጠና ይቆማል። ሲሚንቶ ተቦክቶ ሲፈስም እስኪጠነክር ድረስ ሳንቃውን ከታች ደግፎ የሚይዘው ይኸው አጠና ነው። ዛሬ በትልልቅ ሕንፃዎች የብረት መወጣጫና ድጋፍ እየተተካ ቢሄድም አጠናው ገና ከሥራ አልወጣም።

እንግዲህ ገበያው ቀጭን እንጨት በቍጥር ሲገዛ፥ ገበሬው ቀጭን እንጨት በብዛት የሚያገኝበትን ዘዴ ፈለገ፤ እርሱም አቀራርቦ መትከል ሆነ። በአንድ ክንድ ርቀት፥ አንዳንዱም ከዚያ ባነሰ ይተክላል። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ገበሬውን አላዋቂ ብሎ ሊገሥጸው አይገባም፤ ገበሬው ያደረገው ገበያውን አይቶና ልኩን አውቆ ነውና።

ነገር ግን ገበያ እንደ ዘመኑ ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የኮሪደር ልማት ሥራ የካዛንቺስ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ብዙው ነዋሪ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። በፈረሰው ቤት ምትክ የሚሠራው የብረትና የሲሚንቶ ሕንፃ እንጂ የጭቃ ግድግዳ አይደለም። አንድ ሰፈር ፈረሰ ተብሎ የአጠና ገበያ አይዘጋም፤ በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ገና ብዙ ቤት በእንጨትና በጭቃ ይሠራል። ቢሆንም ዛሬ የሚተከለው ዛፍ የሚቈረጠው ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ፥ ለጣውላ ከሆነም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ የትናንቱን ገበያ ብቻ አይቶ የሚተክል ሰው የማይፈለግ እንጨት ይዞ እንዳይቀር ያሠጋዋል። ርቀትን ማወቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ዛፍ ከዛፍ ጋር ስለ መሻማቱ

ዛፍ ከላይ ብርሃንን፥ ከታች ውሃንና የመሬትን ምግብ ይፈልጋል። ችግኝ በተተከለ በመጀመሪያው ዓመት ተቀራርቦም ቢተከል ተራርቆም ቢተከል በአስተዳደጉ ብዙ ልዩነት አይታይበትም፤ ቅጠሉ ከቅጠል፥ ሥሩም ከሥር ገና አልተገናኘምና። ሽሚያው የሚጀመረው ቅጠሉ ከላይ ተገናኝቶ ጥላው መሬቱን በሸፈነ ጊዜ ነው። ተቀራርቦ በተተከለው ዘንድ ይህ ጊዜ ቶሎ ይደርሳል፤ ተራርቆ በተተከለው ዘንድ ይዘገያል።

ሽሚያው ከተጀመረ በኋላ ዛፉ የሚያገኘውን ምግብ የሚከፍልበት ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ቅጠሉን፥ ሥሩንና ወደ ላይ የሚያድገውን ጫፉን ይመግባል፤ ግንዱን የሚያወፍረው ከዚህ በተረፈው ነው። ስለዚህ ዛፍ በተጨናነቀ ጊዜ ቁመቱ ብዙም አይቀንስም፤ ብርሃን ፍለጋ እንደ ጓደኞቹ ወደ ላይ ይሄዳል። የሚጐዳው ውፍረቱ ነው። አንድን የተጨናነቀ ቦታና አንድን ሰፋ ያለ ቦታ በአንድ ዓመት የተተከሉ ሆነው ከሩቅ ያያቸው ሰው ቁመታቸው እኩል ስለ ሆነ ሁለቱም አንድ ይመስሉታል፤ ቀርቦ ግንዱን በእጁ ሲያቅፍ ግን ልዩነቱን ያገኘዋል።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለዋል። ሰው ሸክምን ሲካፈል ይቀለዋል፤ ዛፍ ግን ምግብን ሲካፈል ይቀጥናል። መጨናነቁ እየበዛ ሲሄድም ደካሞቹ ከበታች ይቀራሉ፥ ብርሃን ያጣሉ፥ በመጨረሻም ይደርቃሉ። በዚህ ዓይነት የሞተው ዛፍ እስኪሞት ድረስ የበላው ውሃና ምግብ ለባለቤቱ ከከሳራ በቀር የሚያመጣለት ጥቅም የለም።

ከመጠን በላይ የቀጠነ ረዥም ዛፍ ሌላም ጕዳት አለው። ለቁመቱ የሚበቃ ውፍረት ስለሌለው ነፋስ ያጐብጠዋል፤ ጐረቤቶቹ በተቈረጡበትም ጊዜ ደግፎት የነበረው ስለሚቀርበት ይወድቃል።

ሊቃውንት መርምረው ያገኙት

ይህ ነገር በልማድ ብቻ የታወቀ አይደለም፤ በልዩ ልዩ አገር ያሉ የደን ሊቃውንት በሚዛንና በቍጥር መርምረውታል። በአሜሪካ አገር የደን መሥሪያ ቤት ራይንኪ የተባለ ሊቅ በፈረንጆች ቍጥር በ1933 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ በአንድ መሬት ላይ እኩል ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ሲያድጉ ቍጥራቸውና ውፍረታቸው በታወቀ ልክ የተያያዘ መሆኑን አሳየ። በእርሱ ሒሳብ፥ የዛፎቹ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር በዚያው መሬት ላይ ተጨናንቆ ሊቆም የሚችለው ዛፍ ቍጥር ወደ ሢሶ ይወርዳል። ይህም ማለት ባለቤቱ አስቀድሞ ካልቀነሰ ተፈጥሮ ራሷ ትቀንሳለች ማለት ነው። ባለቤቱ ሲቀነስ የተቈረጠውን ይሸጣል፥ መጥፎውንም መርጦ ያወጣል፤ ተፈጥሮ ስትቀንስ ግን የሞተው እንጨት በቆመበት ይበሰብሳል።

በደቡብ አፍሪካም ኦኮነር የተባለ የደን ሊቅ በፈረንጆች ቍጥር በ1935 ዓ.ም. ያቀደው ፈተና የታወቀ ነው። ዛፎቹ ተቀራርበው ከተተከሉ በኋላ፥ ሽሚያ ከመጀመሩ አስቀድሞ በአንዱ ቦታ ጥቂት፥ በሌላው ብዙ እየተቀነሰ፥ ከተጨናነቀው እስከ ሰፊው ድረስ ያለው የርቀት ደረጃ ሁሉ በተለያየ ቦታ እንዲታይ ተደረገ። ይህ የአፈታተን ዘዴ በጥድም በባሕር ዛፍም ተሠርቶበታል።

ከዚህም በኋላ ኔልደር የተባለ እንግሊዛዊ የቍጥር ሊቅ በ1962 ዓ.ም. በፈረንጆች ቍጥር ሌላ ብልሃት አመጣ። ዛፎቹ እንደ ጋሪ መንኰራኵር ከመካከል ወደ ዳር በሚሄዱ መስመሮች ይተከላሉ። በመካከሉ ዛፎቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ወደ ዳር በሄዱ ቍጥር ርቀታቸው እየሰፋ ይሄዳል። እንግዲህ በአንድ ክብ ውስጥ ልዩ ልዩ ርቀት ሁሉ አብሮ ይታያል። ይህ ብልሃት ብዙ መሬትና ብዙ ገንዘብ ስለማይፈልግ፥ አንድ ወረዳ በችግኝ ጣቢያው አጠገብ እንዲህ ያለ ክብ ቢያስተክል ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ገበሬውን ወስዶ በዓይኑ ማሳየት ይችላል። በዓይን የታየ ነገር ደግሞ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

የእነዚህ ምርመራዎች ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሄክታር የሚገኘው ጠቅላላ እንጨት ተቀራርቦ በተተከለው ይበልጣል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሰፋ ብሎ የተተከለው እየደረሰበት ይሄዳል፤ መሬቱ ሊያበቅል የሚችለው እንጨት በመሬቱና በዝናቡ የተወሰነ ነውና። ስለዚህ ርቀት በብዙ የሚለውጠው የእንጨቱን ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን፥ ያ እንጨት በስንት ግንድ ተከፋፍሎ እንደሚገኝ ነው።

በሄክታር የሚገባው የዛፍ ቍጥር

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በሁሉም ወገን እኩል ርቀት ተደርጎ ሲተከል የሚገባው ቍጥር ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

በግማሽ ሜትር ርቀት፦ 40,000 ዛፍ
በ1 ሜትር ርቀት፦ 10,000 ዛፍ
በ1 ሜትር ተኩል ርቀት፦ 4,444 ዛፍ
በ2 ሜትር ርቀት፦ 2,500 ዛፍ
በ2 ሜትር ተኩል ርቀት፦ 1,600 ዛፍ
በ3 ሜትር ርቀት፦ 1,111 ዛፍ

ከዚህ እንደሚታየው ርቀቱ በእጥፍ ሲሰፋ ቍጥሩ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ማስፋት ግማሹን ችግኝ ብቻ የሚያስቀር ይመስለዋል። ለችግኝ ጣቢያ ትእዛዝ የሚሰጥ ሹም ይህን ሒሳብ በእጁ ሊይዝ ይገባዋል፤ ያለዚያ የተረፈው ችግኝ በየቦታው ተጨናንቆ ይተከላል፥ ወይም በጣቢያው ይደርቃል።

ስለ ውፍረትም እንዲሁ ነው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክብ ግንድ የሚወጣው ትልቁ ባለ አራት ማዕዘን እንጨት በየወገኑ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግንድ ደግሞ በየወገኑ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ይወጣል፤ እርሱም በመስቀል ሲሰነጠቅ፥ መጋዙ የሚበላው ሳይቈጠር፥ ባለ 7 ሳንቲ ሜትር አራት ሞራሌ ይሆናል። እንግዲህ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚገኘው ሞራሌ አራት እጥፍ ነው። አናጢ ወፍራሙን ግንድ አብልጦ የሚፈልግበት ምክንያት ይህ ነው።

እንደ ተፈላጊው ጥቅም ርቀቱን ስለ መምረጥ

እንግዲህ ለሁሉ የሚሆን አንድ ርቀት የለም። ትክክለኛው ጥያቄ ስንት ሜትር ይሁን የሚለው ሳይሆን፥ ምን ልትሸጥ ትፈልጋለህ የሚለው ነው።

ለማገዶ፥ ለማገርና ለቀጭን አጠና የሚተክል ሰው 1 ሜትር ርቀት ቢያደርግ ይበቃዋል። ከዚህ አሳንሶ በግማሽ ሜትር ቢተክል አራት እጥፍ ችግኝ ይገዛል፥ አራት እጥፍ ጕድጓድ ይቈፍራል፤ ካወጣው ችግኝ ግን ብዙው ታፍኖ ስለሚቀር ትርፉ አራት እጥፍ አይሆንለትም።

ለወራጅ፥ ለቋሚና ለጠንካራ የቤት እንጨት የሚተክል ሰው ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ያድርግ። ለመብራትና ለስልክ ምሰሶ የሚሆን ረዥምና ወፍራም እንጨት የሚፈልግ ደግሞ ከ2 እስከ 2 ሜትር ተኩል ሰጥቶ በትዕግሥት ይጠብቅ።

ለጣውላ የሚተክል ሰው ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ይተክላል፤ ዛፎቹም ሲገናኙ ደካማውንና ጠማማውን እያወጣ ያሳሳል። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅና ሲደርቅ የመተርተርና የመጣመም ጠባይ ስላለው፥ ጣውላ የሚፈልጉ ሰዎች የፈረንጅ ጥድ ቢተክሉ ይሻላቸዋል፤ የርቀቱና የማሳሳቱ ሥርዓት ግን ለእርሱም ያው ነው።

ደግሞ ርቀትን ከመጠን በላይ ማስፋትም የራሱ ጕዳት እንዳለው ማወቅ ይገባል። ተራርቆ የቆመ ዛፍ ብርሃን ከየወገኑ ስለሚያገኝ የታችኛው ቅርንጫፉ አይረግፍም፤ ይወፍራል፥ በጣውላውም ላይ ጕጥ ሆኖ ይወጣል። ግንዱ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ ቶሎ እየሾለ ይሄዳል። በመካከሉም ሣርና አረም ለረዥም ጊዜ ስለሚበቅል የመኰትኰቱ ድካም ይበዛል። ተቀራርቦ የተተከለ ዛፍ ግን ቅርንጫፉን ራሱ ያራግፋል፥ ቀጥ ብሎም ያድጋል። ስለዚህ አዋቂ የሆነ ደን ጠባቂ መጀመሪያ በመጠኑ አቀራርቦ ተክሎ ዛፉ ቀጥ እንዲል ያደርጋል፤ በኋላም አሳስቶ እንዲወፍር ያደርገዋል።

አቀራርቦ መትከል ለጥቅሙ ተስማሚ ለመሆኑ ሌላ ምሳሌ በአዊ ዞን ይገኛል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ከውጭ የመጣውን ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ወገን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብረው ይተክላሉ፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላም ቈርጠው ከሰል ያከስሉታል። ለከሰል የግንድ ውፍረት ብዙ አያስፈልግምና መጠጋጋቱ አይጐዳቸውም። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዛፉ ላይ እንደ ዝገት ያለ በሽታ ገብቶ ብዙ ጕዳት አድርሷል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በሰፊ አገር ላይ ተያይዞ ሲቆም በሽታ ከአንዱ ወደ አንዱ መተላለፊያ ያገኛልና፥ ሹማምንት ርቀትን ሲያስተምሩ የዛፉን ዓይነት ስለ መለዋወጥም አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው።

ስለ ጕቶና ስለ ማሳሳት

ባሕር ዛፍ በተቈረጠ ጊዜ ከጕቶው ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ሥሩ አስቀድሞ የተዘረጋ ስለ ሆነ ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ነገር ግን ቡቃያው ሁሉ ከተተወ በአንድ ሜትር ርቀት የተተከለው ቦታ አራትና አምስት እጥፍ እንደ ተጨናነቀ ይቈጠራል፤ እያንዳንዱ ቡቃያ እንደ አንድ ዛፍ ይሻማልና። ስለዚህ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ በየጕቶው ጠንካራውን አንድ ወይም ሁለት፥ ቢበዛ ሦስት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መቍረጥ ነው። አጠና የሚፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ይተው፤ ወፍራም እንጨት የሚፈልግ አንዱን ብቻ ይተው።

አቀራርቦ የተከለ ሰውም ተስፋ አይቍረጥ። ዛፉ በተቈረጠበት ዓመት መስመሩን ተከትሎ በየመካከሉ ያለውን አንዱን ጕቶ ቢያስነቅል ርቀቱን ማስፋት ይችላል። ድካሙ ከባድ ቢሆንም ጕቶው ራሱ ማገዶ ሆኖ የድካሙን ዋጋ ይመልሳል።

በማሳሳት ጊዜ ብዙ ባለቤቶች የሚያደርጉት አንድ ጥፋት አለ። ገንዘብ ሲቸግራቸው ወፍራሙንና ቀጥ ያለውን እየመረጡ ይቈርጣሉ፤ ቀጭኑንና ጠማማውን ይድግ ብለው ይተዉታል። ነገር ግን በአንድ ዓመት ከተተከሉት መካከል የቀጠነው ሕፃን ስለ ሆነ ሳይሆን የተሸነፈ ስለ ሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቢጠበቅም እንደ ጠንካራው አይሆንም። የሚቈረጠው ጠማማው፥ መንታ የሆነው፥ የታመመውና ከበታች የቀረው ነው። የሚቀረው ቀጥ ያለው ነው።

ስለ ውሃ፥ ስለ እርሻና ስለ ጐረቤት

ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል የሚለው አቤቱታ በየወረዳው ይሰማል። በእውነትም ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ርቀትን ማስፋት ብቻውን ግን ይህን አያስቀርም፤ ሰፋ ብሎ የተተከለውም ሲያድግ ቅጠሉ ተገናኝቶ መሬቱን ይሸፍናልና። ውሃን የሚያድነው ከምንጭና ከወንዝ ዳር አርቆ መትከል ነው።

ስለ እርሻም እንዲሁ ነው። በማሳ ዳር የቆመ ባሕር ዛፍ በጥላውና በሥሩ በአጠገቡ ያለውን እህል ያቀጭጫል። በወሰን ላይ የሚተክል ሰው የሚጐዳው የራሱን እርሻ ብቻ ሳይሆን የጐረቤቱንም ነው፤ ከዚህም ጠብና ክርክር ይነሣል። ስለዚህ ከወሰን ገባ ብሎ እንዲተከል አስቀድሞ ማስማማት፥ ኋላ ለመፍረድ ከመቸገር ይሻላል።

በዳገት ላይ ደግሞ እጅግ የተጨናነቀ ባሕር ዛፍ በሥሩ ሣር አያበቅልም። የረገፈውም ቅጠል ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፥ ጐርፍም ያጥበዋል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ ይወርዱ የነበሩት ሴቶች ድካም የታወቀ ነው። ባሕር ዛፉ ሳሳ ያለ እንደ ሆነ ግን ብርሃን ወደ መሬት ስለሚደርስ ሣሩ ይበቅላል፤ የእናት ዛፍ ዘር በአቅራቢያው ካለም እንደ ጥድ ያሉት የአገር ዛፎች በሥሩ ሊያቈጠቍጡ ይችላሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚያ ተራራ ይወጣል፤ የወጣ ሰው ጥቅጥቅ ባለውና ሳሳ ባለው ስፍራ መካከል ያለውን ልዩነት በሥሩ ባለው ሣር ይመልከት።

የሹማምንት ተግባር

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ሕዝብ ለአንድ ሥራ በአንድ ቀን መነሣቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የችግኝ ቍጥር ብቻ የሥራ መለኪያ በሆነ ጊዜ፥ የበታች ሹም ቍጥሩን ለመሙላት ሲል በትንሽ መሬት ብዙ ችግኝ እንዲያጨናንቅ ይፈተናል። በአንድ ሄክታር 10,000 ተከልሁ የሚለው መግለጫ 1,600 ከሚለው ይልቅ ለጆሮ ያምራል፤ ለጣውላ የታሰበ መሬት ከሆነ ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ይጠቅማል።

አንደኛ፥ ችግኝ ከመታደሉ በፊት ባለይዞታው ዛፉን ለምን እንደሚፈልገው ይጠየቅ፤ ርቀቱም በዚያው ተወስኖ ከቍጥሩ ጋር ይጻፍ።

ሁለተኛ፥ በየቀበሌው በተወሰነው ርቀት ልክ ቋጠሮ የተበጀለት ገመድ ይኑር። በዳገት ላይ ገመዱ በመሬቱ ላይ ተጋድሞ ሳይሆን አግድም ተወጥሮ ይለካ፤ መስመሩም ዳገቱን ቈርጦ በአግድም ይሂድ፥ ጐርፍ እንዳይከተለው።

ሦስተኛ፥ ጕድጓዱ ከክረምት በፊት ይቈፈር፤ ተከላውም መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ ይሁን። የደረቀው ችግኝ በዚያው ክረምት ይተካ፤ በዓመቱ የሚተካ ችግኝ በጓደኞቹ ጥላ ሥር ይቀራልና።

አራተኛ፥ የሥራው መግለጫ በተተከለበት ቀን ባለው ቍጥር ብቻ አይለቅ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ስንቱ እንደ ቆመና ውፍረቱ ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ። ውፍረቱን ለማወቅ በደረት ልክ በሜትር ገመድ ዙሪያውን መለካት ይበቃል።

አምስተኛ፥ ለማሳሳት ዛፍ መቍረጥ የሚፈልግ ባለይዞታ ደን አጥፊ ተብሎ አይከልከል። የሚያስፈልገው ፈቃድ ካለ ሳይጓተት ይሰጠው፤ ዛፍ ለሹም ቀጠሮ ብሎ ማደጉንና መጨናነቁን አያቆምምና።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ገመድ፥ ችካልና አስቀድሞ ማሰብ ነው። በከተማ የጭቃ ቤት ሥራ እየቀረ ሲሄድ፥ ወፍራም እንጨት በእጁ ያለው ገበሬ ሰንጥቆ ሞራሌና ጣውላ አድርጎ ይሸጣል፥ ቢፈልግም እንዲወፍር ይተወዋል። ቀጭን እንጨት ብቻ ያለው ግን በማገዶ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ክቡራን ሹማምንትም በመጪው ክረምት ገበሬው ገመዱን ሲዘረጋ አጠገቡ ቆመው የእንጨቱን ጥቅምና ርቀቱን አብረው ቢመክሩት፥ ምክራቸው ከአንድ ቈረጣ አልፎ ከጕቶው በሚነሣው እንጨት ሁሉ ሲጠቅም ይኖራል።